የተማሪዎች ሳልና የውሃ እጥረት በሐርተሼክ አካባቢ

በሶማሌ ክልል ፋፈን ዞን የሚገኙ የአርብቶ አደርና የከፊል አርብቶ አደር ቀበሌዎች «ጅላል» የሚባለው ደረቅ ወቅት ሲገባ ከሁለት ችግሮች ጋር ይፋጠጣሉ። አንደኛው የውሃ እጥረት ሲሆን በየዓመቱ በወረዳና በክልል ሪፖርቶች ውስጥ ተገቢውን ቦታ ያገኛል። ሁለተኛው በትምህርት ቤቶች የሚበረታው ሳል፣ ጉንፋንና የጉሮሮ ሕመም ነው። ይህኛው ግን የወቅቱ ባሕርይ ተደርጎ ስለሚቆጠር እንደ ራሱ የቻለ ችግር ተይዞ ውይይት ሲካሄድበት አይታይም። ሁለቱ ጉዳዮች በተለያዩ መሥሪያ ቤቶች የሚመዘገቡ ይሁኑ እንጂ ምንጫቸው ሲታይ እጅግ የተቀራረቡ ናቸው።

አጣዳፊ የመተንፈሻ አካላት ኢንፌክሽን የሚባለው ከአፍንጫና ከጉሮሮ ጀምሮ እስከ ሳንባ ድረስ ያለውን የአየር መተላለፊያ የሚያጠቁ በሽታዎች የጋራ መጠሪያ ነው። የላይኛውን ክፍል የሚያጠቁት እንደ ጉንፋንና የቶንሲል ሕመም ያሉት ሲሆኑ አብዛኞቹ በቫይረስ የሚመጡና በጥቂት ቀናት ውስጥ በራሳቸው የሚድኑ ናቸው። የታችኛውን ክፍል የሚያጠቁት፣ በተለይም የሳንባ ምች፣ በጊዜ ካልታከሙ ሕይወት ይቀጥፋሉ። በኅብረተሰቡ ዘንድ ሕመሙ «ብርድ መታው» ወይም «አቧራ ገባበት» ተብሎ ቢገለጽም ብርድም ሆነ አቧራ ብቻውን ኢንፌክሽን አይፈጥርም። ተሕዋስያኑ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፉት በሳልና በንጥሻ በሚረጩ ፍንጣቂዎች፣ በተዘጋ ክፍል አየር ውስጥ በሚንሳፈፉ ረቂቅ ቅንጣቶች እንዲሁም ንፍጥና ምራቅ በነካ እጅ አማካኝነት ነው። አቧራው የመተንፈሻ አካልን የውስጥ ሽፋን በማስቆጣት፣ ብርዱ ደግሞ ሰዎች በጠባብ ቦታ ተጠጋግተው እንዲቀመጡ በማድረግ ለተሕዋስያኑ መንገድ ያመቻቻሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው መረጃ መሠረት እ.ኤ.አ በ2019 በሳንባ ምች ምክንያት 740 ሺህ 180 ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ሕይወታቸውን አጥተዋል። ለትምህርት የደረሱ ልጆች በዚሁ በሽታ የመሞት ዕድላቸው ከሕፃናቱ በእጅጉ ያነሰ ነው። ይህ መልካም ዜና ቢሆንም ያልታሰበ ውጤት አስከትሏል። የጤና ፕሮግራሞች ትኩረት፣ የመድኃኒት አቅርቦትና የሪፖርት ቅጾች ከአምስት ዓመት በታች ባሉት ላይ ሲያነጣጥሩ የሰባትና የስምንት ዓመቱ ተማሪ ከመስመሩ ውጪ ቀርቷል። በሌላ በኩል የትምህርት ጽሕፈት ቤቶች የሚለኩት የተመዘገበውንና ያቋረጠውን ተማሪ ቁጥር እንጂ የታመመውን አይደለም። በመሆኑም የተማሪው ሳል የማንም መሥሪያ ቤት የሥራ ድርሻ ሳይሆን ቆይቷል ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ይሁን እንጂ ተማሪው የሚታመመው ለራሱ ብቻ አይደለም። ጠዋት ከብዙ ልጆች ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ ውሎ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤቱ ሲመለስ የሚያገኘው ጡት የሚጠባ ወንድሙን ወይም እህቱን ነው። በገጠር ታናናሾችን ማዘልና ማባበል በአብዛኛው የታላላቅ ልጆች፣ በተለይም የሴቶቹ ሥራ ነው። በትምህርት ቤት የተያዘው ጉንፋን ቤት ሲደርስ በጨቅላው ላይ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል። ተማሪዎች በሽታን ወደ ቤተሰብ በማድረስ ረገድ ያላቸው ድርሻ ምን ያህል ከፍተኛ እንደሆነ የጃፓን ተሞክሮ በግልጽ አሳይቷል። ጃፓን እ.ኤ.አ ከ1962 ጀምሮ ተማሪዎቿን በብዛት የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ስትሰጥ ቆይታ ፕሮግራሙን በ1994 አቁማለች። በ2001 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው ክትባቱ የተሰጠው ለልጆች ቢሆንም በየዓመቱ ከ37 ሺህ እስከ 49 ሺህ የሚደርስ ሞት፣ በአብዛኛውም የአረጋውያንን ሞት፣ አስቀርቶ ነበር። ልጆቹ መከተብ ሲያቆሙ የሞቱ መጠን እንደገና ጨምሯል።

የውሃና የመተንፈሻ አካላት በሽታ ግንኙነት በፋፈን ዞን አዲስ ነገር አይደለም። ከጅጅጋ በስተምሥራቅ በጠረፉ አቅራቢያ የምትገኘው ሐርተሼክ በዓለም ዙሪያ ስሟ የታወቀው እ.ኤ.አ በ1988 ዓ.ም በሰሜን ሶማሊያ ጦርነት ተቀስቅሶ ሀርጌሳና ሌሎች ከተሞች በተደበደቡ ጊዜ ነው። ድንበሩን አቋርጠው የገቡት ስደተኞች የሰፈሩበት የሐርተሼክ ካምፕ ከ250 ሺህ በላይ ሕዝብ በማስተናገድ በአንድ ወቅት በዓለም ትልቁ የስደተኞች ካምፕ ለመሆን በቅቷል። በምሥራቅ ኢትዮጵያ በነበሩት ስምንት ካምፖች በአጠቃላይ ከ600 ሺህ በላይ ስደተኞች ተጠልለው ነበር። ሐርተሼክ ግን ወንዝም ሆነ በቂ የከርሰ ምድር ውሃ የሌለበት ሜዳ በመሆኑ ለዚያ ሁሉ ሕዝብ ውሃ በቦቴ ተሽከርካሪ ከሩቅ ይጓጓዝ ነበር። ስደተኞቹ ደረጃ በደረጃ ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ካምፑ እ.ኤ.አ በ2004 ዓ.ም ክረምት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1996 ማብቂያ፣ ተዘግቷል።

በዚያ ዘመን በአፍሪካና በእስያ በነበሩ የስደተኛ ካምፖች የተገኘውን ልምድ ያጠናቀረው የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል እ.ኤ.አ በ1992 ባወጣው ሰነድ በካምፖቹ የሚደርሰው ሞት በአብዛኛው ከጥቂት መንስኤዎች እንደሚመነጭ አስታውቋል። እነዚህም ኩፍኝ፣ የተቅማጥ በሽታዎች፣ አጣዳፊ የመተንፈሻ አካላት ኢንፌክሽን፣ ወባና የምግብ እጥረት ናቸው። ከዝርዝሩ ውስጥ በአየር የሚተላለፉት ሁለቱ፣ ማለትም ኩፍኝና የመተንፈሻ አካላት ኢንፌክሽን፣ መጨናነቅ ባለበት ሁሉ ይበረታሉ። ካምፑ ቢዘጋም ሜዳው፣ ነፋሱና የውሃው እጥረት ለነባሩ ማኅበረሰብ ቀርተውለታል። በካምፕ ውስጥ ለአንድ ሰው በቀን ሊቀርብ የሚገባው ውሃ በሊትር ተለክቶ የተቀመጠ ዓለም አቀፍ መለኪያ ሲኖረው ከካምፑ ውጪ ያለው ትምህርት ቤት በማን፣ በምን ያህል መጠን ውሃ እንደሚቀርብለት ሳይታወቅ የቆየበት ጊዜ ረጅም ነው።

የእጅ መታጠብ ጥቅም ሲነሳ በብዙዎች ዘንድ የሚታሰበው ተቅማጥን መከላከሉ ብቻ ነው። ማስረጃው ግን ከዚያ ሰፋ ያለ ነው። በፓኪስታን የካራቺ ከተማ ድሆች በሚኖሩባቸው ሰፈሮች ተካሂዶ እ.ኤ.አ በ2005 «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት ሳሙና በተሰጣቸውና እጃቸውን እንዲታጠቡ ክትትል በተደረገላቸው ቤተሰቦች ውስጥ ከአምስት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሳንባ ምች በ50 በመቶ መቀነሱን አረጋግጧል። ልዩ መድኃኒት የተቀላቀለበት ሳሙና ከተራው የተሻለ ውጤት አላሳየም። በሚቀጥለው ዓመት የታተመና የበርካታ አገሮችን ጥናቶች የገመገመ ጽሑፍ በበኩሉ በአማካይ የ16 በመቶ ቅነሳ መኖሩን አመልክቷል። ዝቅተኛው አኃዝ እንኳ ቢወሰድ ተራ ሳሙናና ጥቂት ውሃ ያን ያህል ውጤት ማስገኘታቸው ቀላል ግምት የሚሰጠው አይደለም።

ለትምህርት ቤት የሚያስፈልገው የውሃ መጠን ብዙውን ጊዜ ከሚገመተው ያነሰ ነው። በሰብዓዊ ርዳታ ሥራ ላይ የሚያገለግለው «ስፊር» የተባለው መለኪያ ለአንድ ተማሪ ለመጠጥና ለእጅ መታጠቢያ በቀን 3 ሊትር ያስቀምጣል። በዚህ ስሌት 500 ተማሪዎች ላሉት ትምህርት ቤት በቀን 1 ሺህ 500 ሊትር ይበቃል። 10 ሺህ ሊትር የሚይዝ አንድ ቦቴ ሰባት የትምህርት ቀናት ሳይሞላ ያልቃል ማለት ነው። ቦቴ የነዳጅና የኪራይ ወጪው ከፍተኛ በመሆኑ በድርቅ ጊዜ ቅድሚያ የሚሰጠው ለመኖሪያ መንደሮችና ለጤና ተቋማት ነው፤ ትምህርት ቤቱ ተራ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው።

ሌላው አማራጭ በአካባቢው ማኅበረሰብ ዘንድ ቀደም ብሎ የሚታወቅ ነው። በሐርተሼክና በሐርሺን አካባቢ ነዋሪዎች «ቢርካ» የሚሉትን፣ መሬት ተቆፍሮ በድንጋይና በሲሚንቶ የሚገነባ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ፣ ለረጅም ዓመታት ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ይኸው ዕውቀት ከትምህርት ቤት ጣሪያ ጋር ሲጣመር ስሌቱ ተስፋ ሰጪ ነው። ለምሳሌ 200 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው የቆርቆሮ ጣሪያ በዓመት 400 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢያገኝና አንድ አምስተኛው ቢባክን 64 ሺህ ሊትር ውሃ ይገኛል። ውሃው ለእጅ መታጠቢያ ብቻ ቢውልና ለአንድ ተማሪ በቀን 1 ሊትር ቢመደብ ለ500 ተማሪዎች ለ128 የትምህርት ቀናት ይበቃል። ችግሩ ዝናቡ በአጭር ጊዜ ውስጥ በኃይል ጥሎ የሚያልፍ መሆኑ ነው። ማጠራቀሚያውና አሸንዳው ከዝናቡ ቀደም ብለው ካልተዘጋጁ በጣሪያው ላይ የወረደው ሁሉ ፈሶ ይቀራል። እ.ኤ.አ ከ2020 መጨረሻ አንስቶ በተከታታይ አምስት የዝናብ ወቅቶች የተስተጓጎሉበት ድርቅ እንዳሳየው ደግሞ ጣሪያ ብቻውን መተማመኛ ሊሆን አይችልም።

ጥቂት ውሃን ቆጥቦ መታጠብ ለአካባቢው ልጅ የሚያስተምሩት እንግዳ ነገር አይደለም። ለሶላት ውዱ የሚያደርግ ሰው በአንድ ማንቆርቆሪያ ውሃ እጁን፣ አፉን፣ አፍንጫውን፣ ፊቱን፣ ክንዱንና እግሩን ይታጠባል። በብዙ ትምህርት ቤቶች የሚጎድለው ልምዱ ሳይሆን መታጠቢያው፣ ከሁሉም በላይ ሳሙናው ነው። በእንጨት ላይ ተንጠልጥሎ በእግር በሚረገጥ ገመድ የሚያዘነብል ጀሪካን በጣም ጥቂት ውሃ የሚጠቀም ሲሆን ተማሪዎች ራሳቸው ሊሠሩት ይችላሉ። ሳሙና በጠፋ ጊዜ አመድ ሊተካው ይችላል።

የመማሪያ ክፍሉን ጉዳይ ስንመለከት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአገር አቀፍ ደረጃ የተቀመጠው መለኪያ በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ነው። ይህ ቁጥር ራሱ ለመተንፈሻ አካላት በሽታ ስርጭት አነስተኛ አይደለም፤ በጠረፍና በተፈናቃይ መጠለያ አካባቢዎች ደግሞ ሲታለፍ ይታያል። አየርን ለማዘዋወር ከሁሉ ርካሹ ዘዴ መስኮት መክፈት ነው። እ.ኤ.አ በ2007 በፔሩ የሊማ ከተማ ሆስፒታሎች የተካሄደ ጥናት ጣሪያቸው ከፍ ያለና ትላልቅ መስኮት ያላቸው የቀድሞ ሕንፃዎች መስኮታቸው ሲከፈት በማሽን አየር ከሚገባላቸው አዳዲስ ክፍሎች የተሻለ የአየር ዝውውር እንዳላቸው አሳይቷል። በሐርተሼክ ሜዳ ግን መስኮት ሲከፈት አቧራው ከነነፋሱ ስለሚገባ መምህሩ መዝጋቱ የሚጠበቅ ነው። መፍትሔው በግንባታ ጊዜ የሚወሰን ነው። ሕንፃው ከነፋሱ አቅጣጫ ጋር ተገናዝቦ ሲቀመጥ፣ በነፋሱ ተቃራኒ ባለው ግድግዳ ላይ ሰፊ መስኮት፣ ከጣሪያው ሥር ደግሞ በሁለቱም በኩል የአየር ማስወጫ ቀዳዳዎች ሲበጁ አየሩ አቧራውን ሳያስገባ ይዘዋወራል። የግንባታ ንድፎች በአብዛኛው ለሁሉም ቦታ በአንድ ዓይነት የሚዘጋጁ በመሆናቸው ይህን መሰሉ ማስተካከያ ካልታሰበበት ሕንፃው ለደጋ በተሠራ ንድፍ በበረሃ ይተከላል።

ቤት ውስጥ የሚጠብቀው ደግሞ ጭሱ ነው። ምግብ በእንጨትና በከሰል የሚበስልበት፣ ልጆች በኩራዝ ብርሃን የሚያጠኑበት ቤት አየሩ ቀኑን ሙሉ የተበከለ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2020 ብቻ ከቤት ውስጥ የአየር ብክለት ጋር በተያያዘ 3 ነጥብ 2 ሚሊዮን ሰዎች መሞታቸውን ገምቷል። ጭሱ የአየር ቧንቧን የተፈጥሮ መከላከያ ስለሚያዳክም በምግብ እጥረት አቅሙ የተጎዳ ልጅ ለሳንባ ምች ይበልጥ ይጋለጣል። ማብሰያውን ከመኝታው መለየት፣ ኩራዙንም በአነስተኛ የፀሐይ መብራት መተካት ጠቃሚ እርምጃዎች ናቸው።

ክትባትን በተመለከተ ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ የወሰደቻቸው እርምጃዎች ከፍተኛ ናቸው። የሳንባ ምችና የማጅራት ገትር መንስኤ ከሆኑት አንዱን የሚከላከለው ክትባት እ.ኤ.አ በ2007 በአምስት በሽታዎች ጥምር ክትባት ውስጥ ተካቶ ተጀምሯል። የኒሞኮካል ክትባት በ2011፣ ሁለተኛው ዙር የኩፍኝ ክትባት ደግሞ በ2019 ተከትለዋል። ሆኖም ክትባቱ መጀመሩና ልጁ መከተቡ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እ.ኤ.አ በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ12 እስከ 23 ወር ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት መካከል መሠረታዊ ክትባቶችን ሁሉ ያገኙት በአገር አቀፍ ደረጃ 39 በመቶ፣ በሶማሌ ክልል 22 በመቶ መሆናቸውን አመልክቷል። በዚያ ጥናት የተቆጠሩት ሕፃናት ዛሬ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ዕድሜ ላይ ይገኛሉ። በ2012 ዓ.ም ማብቂያ የተካሄደው አገር አቀፍ የኩፍኝ ክትባት ዘመቻ ከ9 ወር እስከ 59 ወር ያሉትን ያካተተ በመሆኑ ከዚያ በላይ ዕድሜ ያላቸውና ቀድሞ ያልተከተቡ ልጆች አልተዳረሱም። አንድ የኩፍኝ ሕመምተኛ ካልተከተቡ መካከል ከ12 እስከ 18 ሰዎችን ሊያስይዝ እንደሚችል፣ ቫይረሱም ሕመምተኛው ከወጣ በኋላ እስከ ሁለት ሰዓት በክፍሉ አየር ውስጥ እንደሚቆይ ሲታሰብ ያልተከተቡ ልጆች የተሰባሰቡበት ክፍል የሚያስከትለው አደጋ ግልጽ ነው። ኩፍኝ ራሱን ችሎ ከሚያደርሰው ጉዳት ይልቅ የሚገድለው በአብዛኛው ተከትሎት በሚመጣው የሳንባ ምች ነው።

እ.ኤ.አ በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ለገጠሩ ሕዝብ ጤናን በማድረስ ረገድ ያስገኘው ውጤት የሚታወቅ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሳንባ ምችን በጤና ኬላ ደረጃ በፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት እንዲያክሙ ከተፈቀደ ጀምሮ ብዙ ሕፃናት ከሞት ተርፈዋል። አገልግሎቱ ግን ከሁለት ወር እስከ አምስት ዓመት ላሉት የተወሰነ ነው። የስምንት ዓመት ልጅ ሲታመም ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት፤ ጤና ጣቢያው ደግሞ ከብዙ ቀበሌዎች የአንድ ቀን መንገድ ሊሆን ይችላል። ትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ በ2012 ያወጣው አገር አቀፍ የትምህርት ቤት ጤናና ሥርዓተ ምግብ ስትራቴጂ ይህን ክፍተት ለመሙላት ሁለቱ ዘርፎች ተቀናጅተው እንዲሠሩ ይጠይቃል። ሰነዱ ወረዳ ደርሶ ሥራ የሚሆነው የጤናና የትምህርት ጽሕፈት ቤቶች በአንድ ዕቅድ ላይ ሲፈርሙ ብቻ ነው።

የሁለቱ ዘርፎች ቅንጅት ምን ሊሠራ እንደሚችል የኮቪድ 19 ወረርሽኝ አንድ ጊዜ አሳይቷል። ትምህርት ቤቶች መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም እንዲዘጉ ከተወሰነ በኋላ በ2013 ዓ.ም መጀመሪያ ሲከፈቱ የተማሪዎች ቁጥር በአንድ ክፍል ከ25 እንዳይበልጥ፣ በፈረቃ እንዲማሩና የእጅ መታጠቢያ እንዲዘጋጅ መመሪያ ወጥቶ ነበር። በዚያን ጊዜ በትምህርት ቤቶች በር ላይ የተተከሉት የእጅ መታጠቢያዎች ከወረርሽኙ በኋላ ምን ላይ እንደደረሱ ማየት ለአንድ የወረዳ ባለሙያ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

መምህራን ሐኪም እንዲሆኑ አይጠበቅም፤ ይሁንና ሊያውቋቸው የሚገቡ ጥቂት ምልክቶች አሉ። የሚያስለው ተማሪ ተረጋግቶ ተቀምጦ ትንፋሹ ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ሲቆጠር 30 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ከደነዘዘ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ይኖርበታል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል በአክታ ምርመራ ከሳንባ ነቀርሳ ነጻ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ተራ ጉንፋን ግን ዕረፍትና ፈሳሽ እንጂ ፀረ ተሕዋስያን አያስፈልገውም፤ ከመድኃኒት መደብር ያለ ትእዛዝ የሚገዛው ካፕሱል ጥቅም የለውም።

የጉሮሮ ሕመም በተናጠል ሊታይ ይገባዋል። ከአምስት እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ በባክቴሪያ የሚመጣው የቶንሲል ሕመም በፔኒሲሊን ካልታከመ በአንዳንዶቹ ላይ የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ትኩሳት አስከትሎ የልብን በር ይጎዳል። ልጁ ከጉሮሮ ሕመሙ የዳነ ይመስላል፤ ልቡ የተጎዳ መሆኑ የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ ሲሮጥ ትንፋሽ ሲያጥረው ነው። እዚያ ደረጃ የደረሰ ሕመምተኛ በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ለዓመታት መወጋት፣ ከባሰም የልብ ቀዶ ሕክምና ማግኘት ያስፈልገዋል። በአገሪቱ በብዙ አካባቢዎች ለጉሮሮ ሕመም እንጥል ማስቆረጥ፣ በአርብቶ አደሩም ዘንድ ደረትን በጋለ ብረት መተኮስ የተለመዱ ናቸው። ሁለቱም በሽታውን አያድኑም፤ ቁስሉ ለሌላ ኢንፌክሽን በር ይከፍታል፤ ከሁሉም በላይ ወደ ሕክምና የሚኬድበትን ጊዜ ያባክናሉ። በዚህ ረገድ የሃይማኖት አባቶችና የጎሳ መሪዎች ቃል ከማንኛውም ፖስተር የበለጠ ተሰሚነት አለው።

ወጪ የማይጠይቀው እርምጃ የስም መጥሪያ መዝገቡን መጠቀም ነው። በመዝገቡ ላይ የቀረ ተማሪ ምልክት ይደረግበታል እንጂ የቀረበት ምክንያት አይጻፍም። ምክንያቱ በአንድ ቃል፣ «ሳል»፣ «ትኩሳት»፣ «ሽፍታ»፣ «ውሃ ሊቀዳ» ተብሎ ቢጻፍ በሳምንቱ መጨረሻ ርእሰ መምህሩ አንድ ገጽ ገልብጦ ለጤና ኬላው ማስተላለፍ ይችላል። ትኩሳትና ሽፍታ ያለበት አንድ ተማሪ እንኳ ከተገኘ ኩፍኝ በኅብረተሰብ ጤና አደጋዎች ቁጥጥር ሥርዓት ውስጥ ወዲያውኑ ሪፖርት ከሚደረጉት በሽታዎች አንዱ በመሆኑ መረጃው በዕለቱ ወደ ወረዳ መድረስ ይኖርበታል። «ውሃ ሊቀዳ» የሚለው ምክንያት የሚበዛበት ሳምንት ደግሞ በትምህርት ቤቱም የእጅ መታጠቢያው ጀሪካን ባዶ የሚሆንበት ሳምንት ስለሚሆን የቦቴ ድልድሉን የሚያዘጋጀው የወረዳ ኮሚቴ መዝገቡን ከጅላል መግቢያ ጀምሮ ሊመለከተው ይገባል።